የጓንጉል ምላስ

የሞተ ሰው የጣዕም ስሜት በቤተሰቡ እንዲወረስ ከተፈቀደ ዓመት አልሞላውም። የወረሰ ሰው የራሱን ጣዕም እስከ ወዲያኛው ያጣል። አልታዬ ግን ለአፍታም አላመነታችም፤ ባሏ ጓንጉል በጥር ሲሞት፣ ምላሱን ለእኔ ብላ ፈረመች።

በጋውን ቀዝቃዛ ድራፍት በጠጣች ቁጥር ባሏ አጠገቧ የተቀመጠ እየመሰላት ከረመች። ልቧ ግን ክረምትን ነበር የሚጠብቀው። ሰማዩ ሲጠቁር ደብረ ብርሃን ካለችው ግሮሰሪ ጎራ ብለው ፍሪጅ ያልገባ ጥቁር ቢራ መጠጣት የሠላሳ ዓመት ልማዳቸው ነበር። ያስለመደችው እሷ ናት። ጓንጉል የመጀመሪያውን ጉንጭ ዓይኑን ጨፍኖ ይውጥና፣ «ይሄ ነው ክረምት!» ይላት ነበር።

ሐምሌ ገባ። ቆርቆሮው በዝናብ ሲንጓጓ አስተናጋጇ ሰብለ ጥቁሩን ቢራ ቀዳችላት።

አልታዬ ተጎነጨች። አንገሸገሻት፤ እሬት የላሰች ያህል አፏ ተኮማተረ።

«ይሄ ነገር ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ሰብልዬ።»

ሰብለ ደንግጣ ከጠርሙሱ ትንሽ ቀድታ ቀመሰች። «ኧረ ደህና ነው፣ እትዬ! እርስዎና ጋሼ የምትወዱት እኮ ነው።»

አልታዬ ብርጭቆውን አየች። ከዚያ ከፊት ለፊቷ ያለውን ባዶ ወንበር አየች። ሠላሳ ክረምት። ሰውየው ዓይኑን ለምን ይጨፍን እንደነበር አሁን ገባት።

«ልቀይርልዎ?»

«ተይው፣ ልጄ።»

ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው።

«ይሄ ነው ክረምት» አለችው፣ ለወንበሩ።