የነጠላው ቋጠሮ

በባዛሩ ላይ ተሰብስቦ ወደምትኖርበት መጠለያ የመጣውን ልብስ እየለየች ሳለ እጇ ቀጥ አለ። ከማዳበሪያው ያወጣችው ቀሚስ የራሷ ነው። ልጇን አዝላ በባዶ እግሯ ከባሏ ቤት ስታመልጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ትታው የወጣችው።

"ትርሲት፣ ይኼን ማን አመጣው?"

"እኔ እንጃ። የባዛሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር፤ ሁሉም እያመጣ በር ላይ ይከምራል" አለች የመጠለያው ሠራተኛ። "ምነው፣ ፊትሽ ዐመድ መሰለ?"

"ረጅም ሰውዬ ነው? ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው?"

"ኧረ አላየሁም።"

ሮጣ በሩን ቀረቀረች። ልጇን ጎትታ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠቻት።

"አግኝቶናል። እንዳገኘን እንዳውቅ ነው የላከው።"

ትርሲት ማዳበሪያውን ስትገለብጠው ከሥሩ ጥለቱ የደበዘዘ ነጠላ ወደቀ። ጫፉ ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ተቋጥሯል። የልጅቷ እናት እንዲህ የሚቋጥር ሰው አንድ ብቻ ታውቃለች፤ የባሏን እናት እማማ ደብሪቱን። ሽማግሌዎች ፊት ቆመው፣ "ልጄ እጁን አንስቶባት አያውቅም" ብለው የማሉትን።

"አትንኪው! እሳቸውም የእሱ ናቸው!"

ትርሲት ግን ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው።

ውስጡ የተጣጠፈ ወረቀት ነበር። ባሏ ክንዷን የሰበረ ጊዜ ሐኪም የጻፈላት ማስረጃ ነው፤ እሱ ዓይኗ እያየ ቦጫጭቆ ቆሻሻ ውስጥ የጣለው። ቁርጥራጩ አንድም ሳይጎድል በቁስል ፕላስተር ተያይዟል።