ፈሂማ ያልተናገረችው ስም

«ስማቸውን ትናገሪያለሽ ወይስ አትናገሪም?»

ነጋዴው ዐብዱልወሃብ ሲጠይቃት ይሄ ሦስተኛው ነው...

ፈሂማ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

ሐረር... ጀጎል ውስጥ... 1958 ዓ.ም.።

ዝናቡ ሁለት ዓመት በተከታታይ ቀርቷል። ከሶፊ ገጠር የሚመጣው ማሽላ ዋጋው አይቀመስም።

የሰፈሩ አፎቻ፣ ለሰርጉም ለሐዘኑም አብሮ የሚቆመው ማኅበር፣ በየጁምዓው ካለው ሰው ብር እየሰበሰበ እህል ይገዛል። እህሉን ለተቸገሩት ቤቶች የምታደርሰው ፈሂማ ናት።

ባሏ የሞተባት፣ የስንደዶ ስፌት ሰፍታ የምታድር ሴት ናት። ለዚህ ሥራ ሰባራ ሳንቲም አይከፈላትም።

ሥራውን ስትቀበል አንድ ነገር ብቻ ጠይቃ ነበር...

«ለማን እንደሰጠሁ አትጠይቁኝ።»

እሺ አሏት።

ከዚያ ወዲህ እህሉን በትልልቅ ስፌቶች ሞልታ፣ ክዳን ገጥማ፣ የታዘዘ ስፌት የምታስረክብ መስላ ከቤት ቤት ትሄዳለች። ጎረቤት እንኳ ማን እንደሚቀበል አያውቅም።

ዛሬ ግን የአፎቻው ሰዎች ለጁምዓው መዋጮ በተሰበሰቡበት ቤት ዐብዱልወሃብ መጣ።

«አርባ ኩንታል እሰጣለሁ» አለ። «ግን ስማቸው እየተጠራ፣ አደባባይ ላይ ተሰልፈው ይቀበሉ። ፎቶ አንሺም አመጣለሁ። የሰጠሁት የት እንደገባ በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

የአፎቻው ሰብሳቢ ዐብዱሰመድ ጨንቆታል።

«ፈሂማ... የቀረን ሦስት ጆንያ ነው። ከሳምንት አያልፍም። ልጆች ጦማቸውን ሊያድሩ ነው። ስማቸውን ስጪንና እንገላገል።»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

ዐብዱልወሃብ ፈገግ አለ።

«እህሉን ሸጠሽው ካልሆነ ምን ያስፈራሻል?»



ፈሂማ በአርባ አምስት ዓመት ዕድሜዋ ሌባ ብሏት የሚያውቅ ሰው የለም። ፊቷ ጋለ።

የምታደርስላቸው ቤቶች አርባ ናቸው። ሠላሳ ዘጠኙ ስማቸው ቢጠራ ያፍራሉ፣ ይቀየሟታል፣ ይረሱታል። አንደኛው ግን ከውርደቱ አይተርፍም ብላ ፈራች።

ያ ሰው ደግሞ እዚሁ ቤት ውስጥ ተቀምጧል...

ዓይኗ ወደሱ እንዳይሄድባት ወለሉ ላይ ተከለችው።

«ካልተናገርሽ» አለ ዐብዱሰመድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከአፎቻው እናስወጣሻለን። እኔ አልፈልግም፤ ግን ሰው ምን ይላል?»

ከአፎቻ የወጣ ሰው ቢሞት ለቀብሩ የሚመጣ የለም። ቢድርም የሚያጅበው የለም።

የፈሂማ ልጅ ለይላ ልትዳር አንድ ወር ቀርቷታል።

ፈሂማ ወደ ዐብዱሰመድ ቀና አለች...

«እንግዲህ አስወጡኝ» አለች።

ተነሣች። በሩ ጋ ሄዳ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። እንባዋ ጋርዷት አላገኘችውም።

«ተመለሺ ልጄ።»

ድምፁ የመጣው ከላይኛው መደብ ነው። ሰፈሩ በአክብሮት «አው» እያለ የሚጠራቸው የቡና ነጋዴው ዐብዱልቃዲር ናቸው። በየጁምዓው ከማንም ቀድመው አሥር ብር የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። ዛሬም አስቀምጠዋል።

«ስም ትፈልጋላችሁ አይደል?» አሉ። «ዐብዱልቃዲር ብላችሁ ጻፉ።»

ዐብዱሰመድ አልገባውም።

«አው... እርስዎ እኮ ሰጪ ነዎት።»

«ድሬዳዋ ያለው መጋዘኔ ከተቃጠለ ዓመት ሆነው። አሥሩን ብር የማመጣው የባለቤቴን የዐፋፍን ወርቅ እየሸጥኩ ነው... ችግሬን እንዳታውቁብኝ። ሰባት ወር ሙሉ ልጆቼ የበሉት ይህች ሴት በስፌት ደብቃ ያመጣችውን ነው።»

ማንም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።

«ሌባ ስትሏት እየሰማሁ ዝም አልኩ። ወላሂ... በሩ ጋ እስክትደርስ ድረስ ዝም ብዬ ነበር።»

ፈሂማ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ስሟ ከሌብነት በመንጻቱ እፎይ አላለችም። የሸሸገችው ሰው በገዛ አፉ ተናግሮ ሲዋረድ ማየቱ አንገበገባት።

ዐብዱልወሃብ ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ አርባ ኩንታል ማሽላ በአህዮች ተጭኖ ፈሂማ ደጅ ደረሰ። ፎቶ አንሺ አልነበረም። ስም የጠየቀም የለም።

አው ዐብዱልቃዲር ግን ለወር ያህል ከቤት አልወጡም።

ፈሂማ ድርሻቸውን ይዛ ሄደች። ሌላ ጊዜ በሩን የምትከፍተው ዐፋፍ ነበረች። ያን ቀን ራሳቸው ከፈቱላት።

«እኔ አልተናገርኩም፣ አው» አለች።

«አውቃለሁ» አሏት። «የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

የለይላ ሰርግ ላይ ከፊት ሆነው ያጀቧት እሳቸው ነበሩ።

ወዳጆቼ...

የተቸገረ ሰው እህሉ ቢያልቅበትም ክብሩን ይዞ ይቆያል። ስንረዳው ክብሩን እንዳንወስድበት እንጠንቀቅ። ዛሬ አንድ ሊትር ዘይት ሰጥተን ስልካችንን የምንደግን ስንቶቻችን ነን?

ደግሞ አንድ ሰው ስለኛ ሲል ሲወነጀል እያየን ዝም ያልንበት ቀን ካለ... ገና በሩ ጋ ሳለ እንድረስለት።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... ልጃችሁ ልትዳር ወር ሲቀራት፣ በፈሂማ ቦታ ብትሆኑ ስሙን ትናገሩ ነበር ወይስ ትወጡ ነበር? 👇