በፖስታ የቀሩት አንጓዎች

ቤሪል በወደብ ከተማዋ በፖርት ኬምብላ ውስጥ፣ ከብረት ፋብሪካው በር በማይርቅ መንገድ ላይ ሰዓት መጠገን ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ጉልበቷ ደክሟል፣ ዓይኗ ደክሟል፣ የደንበኛ ወሬ መስማትም ሰልችቷታል። ስለዚህ የሰው ፊት አታይም። የሚያመጡላትን የሰዓት ማሰሪያ ታያለች። ሰው ይዋሻል፣ ማሰሪያ ግን የት እንደዋለ ይናገራል ባይ ናት።

ዊልማ መጀመሪያ የመጣችው የዛሬ ዓመት ተመንፈቅ ገደማ ነው። ከቦርሳዋ አንድ የሰማንያዎቹ ዲጂታል ሰዓት አወጣች።

"የባሌ የክሊፎርድ ነው" አለች።

ቁጥሮቹ ደህና ይታያሉ። የብረት ማሰሪያው ግን በላብና በከሰል ብናኝ ጠቁሯል፤ ተያይዘው ማሰሪያውን ከሚሠሩት አንጓዎች ሁለት ሦስቱ ጭራሽ አልታጠፍ ብለዋል። ቤሪል ፈታታ ሞቅ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፈዘፈችው፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተገችው። በየአንጓው መሀል የተነቀለ ጥቁር የክንድ ፀጉር ተሰክቶ አገኘች። እንዲህ ያለ ማሰሪያ የወንድ ክንድ መንጨት ልማዱ ነው። ከዚያ ጭረቱን በዕቃ መፈተጊያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሳበች አጠፋችው። ወዲህና ወዲያ የሚፈትግ ጀማሪ ነው፣ ወይም ሰነፍ።

ሲያልቅ አዲስ መሰለ። ዊልማ ሦስት አንጓ እንዲወጣለት ጠየቀች፤ የወጡትንም በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

"ሦስት ባንዴ" አለች ቤሪል በማግስቱ፣ ለጎረቤቷ ለጫማ ሠሪው ለቶዶር። "ያ ሰውዬ እየቀለጠ ነው።"

ከአምስት ወር በኋላ ዊልማ ተመልሳ መጣች። ማሰሪያው ላልቷል፣ አንድ አንጓ ይቀነስ። ጊዜው ጥር ነው፣ የዚያ አገር ሐሩር፣ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፤ እሷ ግን ሰፊ ቡናማ ሹራብ ለብሳለች፣ እጅጌው እስከ ጣቶቿ ይደርሳል። ገንዘብ ለመቆጠብ ያገኘችውን ልክ የምትገዛ ሴት ናት አለች ቤሪል በልቧ።

በዚህኛው እጥበት ፀጉር የሚባል አልተገኘም። የወጣው የላቬንደር ሽታ ያለው ነጭ ቅባት ብቻ ነበር። የታመመ ሰው ፀጉሩ ይረግፋል፣ ሚስትም ታሸዋለች። ቤሪልን ይህ አልገረማትም። የገረማት የወጣችውን አንጓ ስትሰጣት ዊልማ እጇን መሰብሰቧ ነው።

"እዚሁ አስቀምጪልኝ። ቤት ከወሰድኳት ያገኛታል። ጣቱ የማይደርስበት ቦታ የለም።"

ቤሪል ፖስታ ላይ "ክሊፎርድ" ብላ ጽፋ አንጓዋን መሳቢያ ውስጥ ጣለቻት። ሰውዬው ስለገዛ ክንዱ እንዳያውቅ የሚደረገው ለምንድን ነው?

በሚያዝያ ሁለተኛዋ አንጓ ወጣች። በነሐሴ ሦስተኛዋ። በኅዳር አራተኛዋ። ማሰሪያ ባለቤቱ ክንድ ላይ ተለክቶ ነው የሚቆረጠው፤ ይኼ የሙያው ደንብ ነው። ዊልማ በመጣች ቁጥር ቤሪል ባልሽን አምጪው ትላታለች። ዊልማም ሁልጊዜ እሱ ይቅር፣ ልኩን እኔ አውቀዋለሁ ትላለች።

በኅዳሩ ቀን ቤሪል በመስኮቷ ተከትላ አየቻት። ዊልማ መንገዱን ቀስ ብላ ተሻግራ፣ ፊት ለፊት ካለው የቀብር አስፈጻሚ ቤት ገባች። ስትወጣ የሬሳ ሣጥን ሥዕል ያለበት ወረቀት ይዛ ነበር።

ቤሪል ሱቋን ዘግታ ቶዶር ዘንድ ሄደች። አንጓውን፣ ፖስታውን፣ ሣጥኑን፣ አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችለት። ሰውዬው እስትንፋሱ ሳይወጣ ሣጥን ትመርጥለታለች አለችው።

"አንቺ በምታነቢው መጽሐፍ ሁሉ ሚስት ባሏን ትገላለች" አለ ቶዶር ሶሉን እየቀጠቀጠ። "የእኔዋ ስንት ዓመቷ ነው፣ እስካሁን አልተሳካላትም።"

"ሳቅ። በግራም ሆነ በቀኝ አንድ ሰው እያለቀ ነው፣ በእጄ ነው የለካሁት።"

በየካቲት ዊልማ ለአምስተኛዋ መጣች። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠርዙን ያዘች። ቤሪል ሰዓቱን አነሳችና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

"ክንዱን ሳላይ ከእንግዲህ አንድም አላወጣም። ራሱ መጥቶ ይውሰደው።"

ዊልማ እጇን ዘረጋች።

"ካላወጣሽው መልሺልኝ። ያለ ሰዓቱ ቤት መግባት አልችልም። ቀኑን ሙሉ ይዞት ነው የሚውለው።"

"እንግዲያው እግር አለው፣ ይምጣ። ካልመጣ ለፖሊስ የምነግረው ነገር አለኝ።"

ዊልማ ቀና ብላ አየቻት። የተቆጣች አትመስልም፤ መቀመጫ የምትፈልግ እንጂ። ከዚያ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ጫፍ ጎትታ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች። ቤሪል ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ ጉልበቷን ሳያማት ወደ ቤቷ ሄደች። አንድ ሰው አድኛለሁ ብላ አመነች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተ። የገባው ሰው በሩን ሞላው። በዚያ ሙቀት የሐዘን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ካጠረበት እጅጌ የወጣው ክንድ የጎረምሳ ጭን ያክላል፣ ጥቁር ፀጉር ለብሷል። በቀኝ እጁ ነጭ በትር ወለሉን እየነካ መጣ። ግራ እጁ ከጎኑ ከፍ ብሎ፣ የሆነ ነገር እንደያዘ ግማሽ ተጨብጦ ነበር።

በትሩ ጠረጴዛውን ሲነካ ቆመ።

"ክሊፎርድ እባላለሁ። ራሱ መጥቶ ይውሰደው ብለው ነበር አሉ።"

ቤሪል መሳቢያውን በቁልፍ ከፈተች። ሰዓቱን አወጣች። ፖስታውን አወጣች፤ አንጓዎቹ ውስጡ ተንኳኩ።

"አራት ናቸው" አለ ሰውዬው፣ ፖስታውን ሳይነካ። "እኔም ክንዷን በያዝኩ ቁጥር በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር።"