ከወለሉ ስር

የሰፈሩ ውሾችና ድመቶች በቅናሽ ዋጋ የሚመክኑበት ቀን ነው። አንዲት ሴት ውሻዋን ዳማን በገመድ እየጎተተች መጥታ ወረፋ ያዘች። ዳማ ከትናንት ጀምሮ ከቤቱ ግድግዳ ስር አልነሳም ብላ ነበር።

"ያ ከወለሉ ስር የሚያለቅሰው ነገርስ?" አሏት ከኋላዋ ድመት ያቀፉት ጎረቤቷ እትዬ ዘነበች።

"ተገላገልኩ፣ እትዬ። ባሌ ቡችሎቿን በጆንያ ወስዶ ወንዝ ከጣላቸው ወር አለፈ፤ ድምፃቸው ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ከረመ። ትናንት ጠበል ረጨሁና ከግድግዳው ስር ያለውን ቀዳዳ በጭቃ ደፈንኩት። ከዚያ ወዲህ ጭጭ ብሏል።"

"የቡችላም መንፈስ ጠበል ይፈራል እንዴ?" ሳቁ እትዬ ዘነበች።

"አይሳቁብኝ። ዳግመኛ ወልዳ ያንን ጆንያ እንዳላይ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ተራዋ ደረሰ። ሐኪሟ ዳማን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ሆዷን ዳበሰች። ጣቶቿ በወተት ራሱ።

"ዛሬ አንሠራላትም፣ እናት። እያጠባች ነው።"

"ኧረ የሚጠባት የለም! ሁሉም ከተጣሉ ወር ሆናቸው።"

"እንደዚያ ቢሆን ወተቷ ይደርቅ ነበር። ከመጣላቸው በፊት አንዱን በአፏ አንጠልጥላ ደብቃው መሆን አለበት። ጡቷ እንዲህ የተወጠረው ግን ከትናንት ወዲህ ስላልጠባት ነው። ቶሎ ፈልጉት።"

ዳማ ከጠረጴዛው ወርዳ ወደ መጡበት መንገድ ትጎትታት ጀመር። ሴትየዋ ገመዱን የያዘ እጇን አየች። ጥፍሮቿ ስር የትናንቱ ጭቃ አለ።