መላኩ ይሙት

«ኧረ ይፍቱት! የበሬውን አንገት ሊሰብሩት ነው እኮ!»

አልታየች የዘሩን ቁና ታቅፋ ከእርሻው ዳር ጮኸች። ባሏ ዳምጠው ግን አልሰማም ብሎ ጅራፉን አጮኸና እርፉን ተጭኖ እንደገና ነዳ። ቡሬ የራሳቸው በሬ ነው፤ ሌላውን ያዋሳቸው ጎረቤታቸው ሙሄዲን ነው። ደግ ሰው ነው ሙሄዲን፣ እግዜር ይስጠው። ምን ዋጋ አለው፣ ሁለቱም በሬዎች ከወይፈንነታቸው ጀምሮ የለመዱት በግራ መጠመድ ነው። በቀኝ የገባው የሙሄዲን በሬ ቦታዬን ልቀቅ እያለ ቡሬን በጎኑ ይገፋዋል፤ ቡሬም ይመልስለታል። ትልሙ ተጣሞ ተጣሞ ድንበር ላይ ወጥቶ ቀረ።

ሌሊቱን ዝናቡ ወርዷል፤ ሚያዝያን ሙሉ አንጋጠው የለመኑት ዝናብ። አፈሩ አሁን እርጥብ ነው፤ የግራና ቆላ ፀሐይ ግን አትታመንም፣ እስከ ነገ ትመጠዋለች። የአምናውን ማሽላ ጦርነቱ በላባቸው። ቁናው ውስጥ ያለውን ዘር መርሳ ከተማ ካለ ዘመድ ለምነው ነው ያገኙት፣ ሌላ የለም። ዛሬ አፈር ካልገባ ለከርሞ የሚቀምሱት የላቸውም። ይህን አልታየች ከማንም ይልቅ ታውቃለች።

የቀኝ በሬ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ከድንበሩ ማዶ፣ ቁርቁራው ዛፍ ሥር፣ ብርኽቲ ወይኖን በገመድ ይዛ ከማለዳ ጀምሮ ቆማለች። ቡሬና ወይኖ ለዓመታት አብረው የተጠመዱ ናቸው። የብርኽቲ ባል ሃብተሥላሴ ልጅ ሳይተውላት ከሞተ ወዲህ መሬቷን የሚያርስላት ዳምጠው ነው፤ እሷ አንድ በሬ፣ እነሱ አንድ በሬ፣ እንዲህ እየተቀናጁ ኖሩ። ዘንድሮ ግን «ነይ» ያላት የለም። የእሷም ማሳ ጦሙን አድሯል።

የከለከለችው አልታየች ናት።

ባለፈው ጥቅምት፣ ታጣቂዎቹ መንደሩን ይዘው ሳለ፣ የሚታረድ በሬ ፍለጋ እነ አልታየች ግቢ ገቡ። ሁለቱም በሬዎች እዚያው ታስረው ነበር። ብርኽቲ አባቷ ከትግራይ መጥተው ግራና የቀሩ ናቸውና በትግርኛ ለመነቻቸው፤ ሁለቱም የእኔ ናቸው አለቻቸው። አላመኗትም። ቡሬን መፍታት ጀመሩ። ይሄኔ ብርኽቲ ደረቷን መትታ ማለች። አልታየች ትግርኛ አታውቅም፤ ያቺ መሐላ ግን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ናት። «መላኩ ይሙት!»

በሬዎቹ ተረፉ። መላኩ፣ ከሚሊሻው ጋር የዘመተው የአልታየች አንድ ልጅ፣ አልተረፈም። መርዶው ሲመጣ ቀኑን ጠየቀች፤ በዚያው ሳምንት ነው የወደቀው። «በሐሰት ምላበት ነው! ልጄን በላችው!» አለች። ለባሏም «ከእሷ ጋር ከጠመዱ እኔን አጡኝ» አለችው። ቄሱም ለመኗት፣ ባሏም ለመናት። ወይ ፍንክች! ጠላቻት? አዎ፣ ጠላቻት። ትናፍቃትም ነበር፤ ይሄ ነው ያንገበገባት።

ዳምጠው በሬዎቹን አቁሞ ላቡን ጠረገ።

«አልታየች፣» አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም። «በሬው ያው እዚያ ቆሟል። እኔ እንደሆንኩ ደክሞኛል። ልጥራት?»

«አልሰሙም እንዴ? የእሷ በሬ እዚህ ማሳ አይገባም አልኩ! መላኩ ይሙት አይገ...»

አፏ ላይ ቀረ። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ በእሱ ስትምል ነው የኖረችው፤ ለጨው፣ ለቅቤ፣ እንግዳ ብሉልኝ ለማለት ሳይቀር። ከመርዶው ወዲህ ግን ምላሷን ነክሳ ይዛው ነበር።

«ክፉ አይንካው!»

ድምፁ የመጣው ከቁርቁራው ሥር ነው። ብርኽቲ ሳታስበው አመለጣት። አልታየች በልጇ በማለች ቁጥር፣ ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡም ቢሆን፣ እንዲህ ብላ ስትመልስ ነው የኖረችው። ያለችው ነገር ሲገባት በነጠላዋ አፏን አፈነች፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ገመዱን ግን አልለቀቀችም።

ዳምጠው ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ።

አልታየች ቁናውን አስቀምጣ ድንበሩን ተሻገረች። ልትሳደብ ይሁን ልታለቅስ ራሷም አላወቀችም።

«ምነው በእሱ ማልሽ?» አለቻት። «ስንት ስም ሞልቶ! ምነው በራስሽ ብትምዪ!»

«እነሱ ዓይኔን ያያሉ እትዬ፣» አለች ብርኽቲ ቀና ሳትል። «የማልሳሳለትን ብጠራ ይነቁብኝ ነበር። እኔ የምሳሳለት ሌላ ማን ነበረኝ?»

ልጁ እግር ሲተክል በዚህች ሴት እጅ ላይ እንደነበር አልታየች አስታወሰች፤ ባታስታውሰው በወደደች።

«እኔስ ከእንግዲህ በማን ልማል?» አለች።

ሁለቱም አለቀሱ፤ አንዷ ቆማ፣ አንዷ ተቀምጣ፣ ሳይነካኩ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለቻትም። ገመዱን ከእጇ ተቀብላ ወይኖን እየሳበች ወደ ማሳው ተመለሰችና «ይፍቱት የሙሄዲንን በሬ» አለች። ዳምጠው ፈታው። በቀኝ በኩል የወደቀውን የቀንበር ጫፍ አልታየች ራሷ አነሳችው፤ ከበዳት። ወይኖ ማንም ሳይነዳው ከቡሬ ጎን ሄዶ ቆመና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ገባበት።

ብርኽቲ ድንበሩ ላይ ደርሳ ቆማ ቀርታለች። አልታየች ቀንበሩን እንደያዘች፣ ዞር ሳትል፣

«ዘሩን አንሺልኝ እንጂ፣» አለች። «እጄ ሁለት ብቻ ነው።»

ብርኽቲ ድንበሩን ተሻገረች። ቁናውን አነሳችና አንድ ፍሬ እንዳይፈስባት በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ታቀፈችው።