የሱሪው ወገብ

ልብስ ሰፊ ሰውን የሚያየው እንደ ሌላው አይደለም። ሌላው ፊት ያያል፤ ልብስ ሰፊ ትከሻና ወገብ ያያል። ልብስ ሰፊዋም የባሏ በሽታ መባሱን ያወቀችው ከሐኪም አፍ ሳይሆን ከሱሪው ነው።

ጠዋት ስትተኩስለት የወገቡ ቁልፍ ሊበጠስ ደርሶ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ አገኘችው። ሜትሯን አንስታ ለካች። ጨምሯል። ኬሞ ሲጀምር ነርሷ፣ «ሆዱ ካበጠ ቶሎ ይንገሩን፤ ጥሩ ምልክት አይደለም» ብላታለች። ክው አለች። ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ ስፌቱን ፈትታ ሱሪውን አሰፋችለት። የታመመ ሰው ልብስ ጠበበኝ ብሎ ይጨነቅ?

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ካንሰር ነው ሲባል በከተማቸው የሚያክም ስላልተገኘ እዚህ፣ ማንንም ወደማያውቁበት ትልቅ ከተማ መጡ። የተከራዩት ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፦ አልጋ፣ ምድጃ፣ መንገዱን የሚያሳይ መስኮት። ትተውት የመጡት ቤት ግን ሌላ ነው። እናቱ፣ ትልቋ እህቱ፣ የእህቱ ልጆች፣ አጎቱ፣ ለሰሞን መጥተው የከረሙ ዘመዶች፤ ባልና ሚስት ሁለት ቃል ለመለዋወጥ ወረፋ የሚጠብቁበት ቤት። እዚያ ሾፌሩን «ዝምተኛው» ይሉት ነበር።

አፉን የፈታው ገና እዚህ ከመጡ ወዲህ ነው። ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ድንች ይልጣል። ፀጉሩን ስትከረክምለት እንኳ ዝም አይልም። ይህም አላማራትም። ዕድሜውን ሙሉ ዝም ያለ ሰው ድንገት ወሬኛ ከሆነ፣ መሰናበቱ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል?

«ዛሬ አብሬህ ልሂድ» አለችው።

«ምን ልትሠሪ? ኮሪደር ላይ ተገትረሽ ልትውዪ? አርፈሽ ቁጭ በይ።»

«ድሮ እሄድ አልነበር?»

«ድሮ ድሮ ነው።»

«ዶክተሩስ ምን አለ?»

«ቀጥል አለኛ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ ምኔ ዶክተር ነኝ?» የእሷንም ድርሻ ጠርጎ በልቶ ሳህኑን አነሳ። «ምነው፣ ሰለቸሁሽ እንዴ?»

«ሂድ ወዲያ!» አለችና ዞር ብላ እንባዋን ጠረገች።

ገና ከመውጣቱ ስልኩ ጮኸ። ትልቋ እህቱ ናት፤ ሰላምታ የሚባል ነገር አታውቅም።

«አንቺ፣ አሁንም አልጨረሰም? ምን ዓይነት ሕክምና ነው ማለቂያ የሌለው? እዚህ ቤቱ ተተራምሷል! እማዬን የሚያነሳ የለ፣ የልጆቹ ዩኒፎርም አልተሰፋ፣ አጎቴ መኪና የሚነዳለት አጥቶ ያለቃቅሳል። ሕክምና ነው ወይስ ሽርሽር?»

«እትዬ፣ በሽታ እኮ ነው።»

«በሽታማ እኔም አለብኝ! ወገቤን የሚያይልኝ አጣሁ እንጂ።» ዘጋችው።

ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ጫማ ቀይራ ባሏን ተከተለችው።

ሾፌሩ ሆስፒታሉ በር ደረሰ። ዘበኛውን በእጁ ሰላም አለው። አልገባም። መንገዱን ተሻግሮ ጡረተኞች ዳማ የሚጫወቱባት ሻይ ቤት ገባና ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቀለ።

«ሾፌሩ መጣ!» አለ አንድ ሽማግሌ። «ለሽንፈት ተዘጋጅተሃል?»

«አንተ መጀመሪያ የትናንቱን አስመልስ!»

እሷ ከጋዜጣ መሸጫው ጀርባ ቆማ አየችው። ሲጫወት፣ ሲከራከር፣ ሻይ ሲደግም አረፈደ። በመጨረሻ ከኪሱ የቁስል ፕላስተር አውጥቶ የእጁ ጀርባ ላይ፣ መርፌ በሚገባበት ቦታ፣ በጥንቃቄ ለጠፈ።

ሁሉም ነገር ገባት። መድኃኒቱን ትቶታል። ሞቱን ተቀብሎ፣ እሷ እንዳታውቅ ነው የሚያስመስለው። መንገዱን በሩጫ አቋርጣ ነርሷ ዘንድ ደረሰች።

«ሲስተር፣ ባሌ ሕክምናውን አቋርጧል! ሆዱ አብጧል፣ ተስፋ ቆርጧል። ዶክተሩ ይምከርልኝ፤ እግሩ ላይ እወድቃለሁ!»

ነርሷ ትክ ብላ አየቻት።

«ሾፌሩን ነው? ያን ቀልደኛ?»

«አዎ፣ እሱን።»

«ምን ያቋርጣል፣ ጨረሰ እንጂ! በሽታው ጠፍቷል ተብሎ ከተሰናበተ ቆየ እኮ። ትናንት በር ላይ አይቼዋለሁ፤ ያበጠ ሳይሆን የወፈረ ነው። እኔማ እስከዚያ ድረስ አገራችሁ የገባችሁ መስሎኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ አመሰገነች። እንዴት እንደወጣች ግን አታስታውስም። በመንገድ ላይ አንዴ ሳቀች፣ አንዴ ጥርሷን ነከሰች። ስንት ሌሊት ትራሱ ላይ ትንፋሹን ስታዳምጥ ነግቶባታል! ዛሬ ልክ ልኩን ትነግረዋለች። ክፍሏ ስትደርስ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። የሚታጠፈውን አጣጠፈች። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ፣ ጠዋት እሱ ልጦ ውኃ ውስጥ ባስቀመጠው ድንች የተሞላውን ድስት አየችው።

ሾፌሩ የደረጃውን ብረት እየተደገፈ፣ በዝግታ መጣ።

«እንዴት ነበር?» አለችው።

«ከባድ ነበር። ዛሬስ ሰበረኝ።» ሻንጣውን አየና ፊቱ ተለወጠ። «ምንድን ነው ይሄ?»

ሳትመልስለት ስልኩ ጮኸ። ሾፌሩ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ቀደመችው። ሻንጣውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ሥር መለሰችና ዓይን ዓይኑን እያየች ስልኩን አነሳች።

«እትዬ፣ ዶክተሩን ዛሬ ራሴ ሄጄ አነጋገርኩት፤ ገና ብዙ ይቀረዋል አለኝ።»