ባሕሩ በዚህ በኩል ነው

ከረፋዱ ጀምሮ የከተማው ሰው ባሕሩ ዳር ያለው የጎርፍ መከላከያ ግድብ ላይ ወጥቶ ባሕሩን ያያል። ባሕሩ ባዶ ነው።

ፎልከ የእናቷን ተጣጣፊ ወንበር እንደገና ወደ ባሕሩ አዞረችው።

«እማዬ፣ መርከቡ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው አልኩሽ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ደንቆሮ አይደለሁም» አሉ ወይዘሮ ገሽከ። ልጃቸው ዘወር ስትልላቸው ግን ወንበሩን መልሰው ወደ ወንዙ አዞሩት። በዚያ በኩል ከጉም በቀር የሚታይ ነገር የለም። ወደቡ ያለው ከወንዙ መታጠፊያ ኋላ ነው፤ ጉሙ ደግሞ ሰሞኑን ከላዩ እምብዛም አልተነሣም።

ፎልከ በወደቡ ጽሕፈት ቤት የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊ ናት። ወደቡ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ ሠራተኞቹ በሩ ላይ እሳት አንድደው፣ «የሚገባም የሚወጣም የለም» ብለው በዚያ ሁሉ ብርድ ሲያድሩ፣ ለምና ወደ ቤታቸው የመለሰቻቸው እሷ ነበረች። ዳይሬክተሩ ያላትን እንዳለ ነገረቻቸው፦ ሦስት አዳዲስ ክሬኖች በመርከብ ተጭነው ይመጣሉ፤ ክሬኖቹ የሚሄዱበት ሐዲድ እስኪታደስ ድረስ ሁሉም ከነደመወዙ ቤቱ ይረፍ።

እዚያው ወደቡ የሚሠራው ወንድሟ ኦኮ እንኳ አላመናትም። «በአባባ መቃብር ማይልኝ» አላት። ማለችለት። በማግስቱ እሳቱ ጠፋ፤ ኦኮም ሃምቡርግ ያገኘውን ሥራ ተወው።

ዳይሬክተሩ ያን ሲነግራት ዓይን ዓይኗን አላያትም ነበር። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

«ፎልኬ» አላት ሃርም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ባንድ ውስጥ ትልቁን ጡሩንባ የሚነፋው። «ከንፈሬ በብርድ ደርቆ የጫማ ሶል ሆኗል። መርከብሽ ከቀረ ንገሪን፤ የቀብር ዜማም እናውቃለን።»

«ነፋስ ይዞት ይሆናል።»

ሃርም ጣቱን በምራቁ አርሶ ሽቅብ አቆመ። «የቱ ነፋስ?»

ሰው ሳቀ። ፎልከ አልሳቀችም።

ኦኮ የሩቅ ማያ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ። «ውሃው መሸሽ ጀምሯል። እንዲህ ያለ ከባድ መርከብ ባሕሩ ሲሞላ ነው የሚገባው። አሁን የሚንቀሳቀስ ቢኖር ወጪ ነው።»

«ይመጣል አልኩህ!»

«አውቃለሁ፤ ምለሽልኛል።»

መነጽሩን መልሶ ዓይኑ ላይ አደረገ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ለእናቷ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳችላቸው። ፉት አሉና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ክሬም የሌለው ሻይ! የእግር እጣቢ ነው እንጂ ሻይ ነው ይሄ? ለነገሩ ቤትም ደህና ሲኒ አልተረፈኝም። ሰኞ ሌሊት ምን የሚያህል መርከብ እንዳለፈ እንጃ፣ መደርደሪያው ተንቀጥቅጦ ሲኒዎቼ ረገፉ።»

«የጭነት መኪና ይሆናል።»

«የአባትሽንም ክሬን አጣሁት።»

ፎልከ ዓይኗን ጨፈነች። ይህን ታሪክ በቃሏ ታውቀዋለች። የወደቡ ክሬን ነጂ የነበረው አባቷ ቩቦ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከወጥ ቤታቸው በር የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም ወስዶ ክሬኑ ላይ የሚቀመጥበትን ክፍል በር ቀብቶት ነበር፤ ሚስቱ ከመስኮቷ ሆና የትኛው የእሱ እንደሆነ እንድትለይ። እናቷ በየጠዋቱ እጃቸውን ያውለበልቡለት ነበር። ከሞተ በኋላም አልተዉም።

«ጉም ነው እማዬ።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ገለጥ ብሎ ነበር። አረንጓዴው የለም።»

«ዓይንሽ ሞራ አለበት! ሐኪሙ ነግሮሻል! ስንቴ ልንገርሽ?»

በዙሪያዋ ያለው ሰው ዞሮ አያት። ፎልከ ፊቷ ቀላ። ጎንበስ ብላ ብርድ ልብሱን እናቷ ጉልበት ላይ አስተካከለች፤ ወንበሩንም ቀስ አድርጋ አዞረችው።

«ባሕሩ በዚህ በኩል ነው» አለች በለሆሳስ።

እናቷ በዚህ ጊዜ ከወንበሩ ጋር አልታገሉም። አንገታቸውን ብቻ መልሰው ወደ ኋላ ማየት ጀመሩ።

ያን ጊዜ የመርከብ ጡሩንባ ጮኸ፤ ወፍራም፣ ረጅም፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ።

ግድቡ በእልልታና በፉጨት ተናወጠ። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቀሉ። ሃርም ጉንጮቹን ነፋ፤ ባንዱ የአቀባበሉን ማርሽ ጀመረ። ኦኮ እህቱን ወገቧን ይዞ ከመሬት አነሣት።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ። ተጠራጥሬሽ ነበር።»

ፎልከ አለቀሰች። ከዚያ እንደሌላው ሰው እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ባሕሩን ቃኘች። ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። እናቷ ግን አንገታቸውን እንዳዞሩ እጃቸውን አንሥተው ያውለበልባሉ።

ወደሚያውለበልቡበት ዞረች፤ ሦስት ክሬኖች የተሸከመ መርከብ ከወንዙ ጉም ወጥቶ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ የመካከለኛው ክሬን በር አረንጓዴ ነው።